የሚቀነሰው ደመወዝ ማን እጅ ይገባል?

አገር በተቸገረች ጊዜ የከፍተኛ ተከፋይ እግር ኳስ ተጫዋቾች ደመወዝ ይቀነስ ወይስ አይቀነስ በሚለው ጥያቄ ላይ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ በቱሉ ዲምቱ ለተሰበሰቡ ወጣቶችና ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የሰፈራችን እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፣ እንዲሁም ከአቃቂ፣ ከገላንና ከኮዬ ፈጬ ድረስ የመጣችሁ እንግዶች፤

አዘጋጆቹ እንድናገርበት የሰጡኝ ጥያቄ አጭር ነው። አገር ችግር ላይ ስትወድቅ ከፍተኛ ክፍያ የሚያገኙ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ደመወዛቸው ሊቀነስ ይገባል ወይ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የለንደንና የባርሴሎና ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዋናው አስፋልት ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ የሚያስገባውን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው በየዲኤስቲቪ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈውን የጨዋታ ሰዓት፣ ከውስጥም በአግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የተቀመጠውን ወጣት ያያል። ያ ወጣት የአንድን የአርሰናል አጥቂ የሳምንት ክፍያ ከአባቱ የወር ደመወዝ አሳምሮ ያውቃል። በሌላ በኩል ደግሞ የራሳችን አገር ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት ከሕዝብ በሚወጣ በጀት ስለሆነ፣ ጥያቄው ነገ ዞሮ እኛው ደጃፍ ላይ መቆሙ አይቀርም።

እኔ የስፖርት ሰው አይደለሁም። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት አቃቂ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የደመወዝ ክፍል ነው፤ ነገሩንም የማየው ከፔሮል ወገን ነው። አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ብዙ የሚያገኝ ሰው አገር ስትቸገር ብዙ ማዋጣት አለበት፤ እግር ኳስ ተጫዋችም ከዚህ ግዴታ ነፃ አይደለም። ነገር ግን ማዋጣት ሌላ፣ ደመወዝን ማስቀነስ ሌላ ነው። ደመወዝ ሲቀነስ ገንዘቡ የሚቀረው በቀጣሪው እጅ ነው። ስለዚህ «ይቀነስ» ከማለታችን በፊት ቀጣሪው ማን እንደሆነና በተረፈው ገንዘብ ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ ይኖርብናል። ይህን ሳንጠይቅ ያጨበጨብንለት መሥዋዕትነት ሕሙማንን ሳይደርስ የባለሀብት ሒሳብ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ እንደዚያ የሆነበትንም አጋጣሚ አይተናል።

ጉዳዩ በዓለም ፊት በግልጽ የወጣው በኮሮና ጊዜ ስለሆነ ከዚያ እንነሳ። በአገራችን የመጀመሪያው በኮሮና የተያዘ ሰው መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 13 ቀን 2020 ማለት ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግም መቋረጡ የተነገረው በዚያው ዕለት ነው። ሁለቱ ዜናዎች በአንድ ቀን ወደ ሰፈራችን ገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ የዲኤስቲቪ ቤቶቹ ተዘጉ፣ ከበራቸው ላይ ቆሎና ሻይ የሚሸጡት ሴቶችም ገበያቸው ቀረ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የእኛም ፕሪሚየር ሊግ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ።

እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች በበሽተኛ ተጨናንቀው፣ ሐኪሞችና ነርሶች መከላከያ ልብስ አጥተው ሲጮኹ፣ ኤፕሪል 2 ቀን የጤና ሚኒስትሩ ማት ሃንኮክ በዕለታዊ መግለጫው ላይ የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ደመወዛቸውን በመቀነስ የድርሻቸውን መወጣት እንዳለባቸው ተናገረ። በማግስቱ ሊጉና ክለቦቹ ከዓመት ደመወዝ 30 በመቶ የሚሆነው እንዲቀነስ ወይም ክፍያው እንዲዘገይ ከተጫዋቾች ጋር እንደሚነጋገሩ አስታወቁ። የሕዝቡ ስሜት የሚያስገርም አልነበረም። ነርስ በወር የማታገኘውን ገንዘብ በአንድ ቀን የሚያገኝ ወጣት፣ ሥራው ቆሞ ቤቱ ተቀምጦ ሙሉ ደመወዝ ሲበላ ማየት ያበሳጫል። ያንን ብስጭት እኔም እጋራለሁ፤ ዛሬ የምናገረውም ተጫዋቾቹን ከዚያ ብስጭት ለመከላከል አይደለም።

ሆኖም የተጫዋቾቹ ማኅበር ወዲያውኑ አንድ ስሌት ይዞ ብቅ አለ። 30 በመቶው ለ12 ወራት ቢቀነስ ክለቦቹ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚያተርፉ፣ መንግሥት ግን ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ግብር እንደሚያጣ ገለጸ። ብዙ ሰው ይህን የስስታም ማመካኛ አድርጎ ቆጠረው። በደመወዝ ክፍል የሠራ ሰው ግን ማኅበሩ ምን እያለ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ እስቲ አብረን እናስላው።

በዚያ ዓመት በእንግሊዝ በዓመት ከ150 ሺህ ፓውንድ በላይ ባለው ገቢ ላይ የሚጣለው የገቢ ግብር 45 በመቶ ነበር። ሠራተኛው በዚያ እርከን ላይ ለማኅበራዊ ዋስትና 2 በመቶ ይጨምራል። አሠሪው ደግሞ ከራሱ ኪስ 13.8 በመቶ ይከፍላል። አሁን ከአንድ ትልቅ ተጫዋች ደመወዝ ላይ 100 ፓውንድ ተቀነሰ እንበል። ተጫዋቹ የሚያጣው 53 ፓውንድ ብቻ ነው፤ 47ቱ ድሮም እጁ አይደርስም ነበርና። መንግሥት 45ቱን የገቢ ግብር፣ 2ቱን የሠራተኛ መዋጮ፣ 13.80ውን የአሠሪ መዋጮ፣ በድምሩ 60.80 ፓውንድ ያጣል። ክለቡስ? ክለቡ 113.80 ፓውንድ ይቀርለታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከዚህ ቅነሳ ከተጫዋቹ ይበልጥ የተጎዳው መንግሥት ነው። ያ መንግሥት ደግሞ በዚያው ሰዓት ለሆስፒታሎች ገንዘብ ፍለጋ የሚባዝነው መንግሥት ነው። ያተረፈው አንድ ወገን የክለቡ ባለቤት ነው። በአንጻሩ ተጫዋቹ ሙሉ ደመወዙን ተቀብሎ፣ ግብሩን ከፍሎ፣ የተረፈውን 53 ፓውንድ ለሆስፒታል ቢሰጥ፣ የእሱ ጉዳት ያው ሆኖ መንግሥት ግብሩን ያገኛል፤ ሆስፒታሉም 53ቱን ይቀበላል። የተጫዋቹ መሥዋዕትነት በሁለቱም መንገድ እኩል ሆኖ ሳለ ለሕዝብ የሚያስገኘው ጥቅም የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በኔ እምነት የዚህ ክርክር ሙሉ ክብደት ያለው በዚህ ስሌት ላይ ነው፤ ሚኒስትሩም ከመናገሩ በፊት በገንዘብ ሚኒስቴር ያሉ ባልደረቦቹን ቢጠይቅ ኖሮ ይህን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያስረዱት ነበር።

ክለቦቹ ራሳቸው በእነዚያ ቀናት ምን ያደርጉ እንደነበር ማየት ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያጠራዋል። የእንግሊዝ መንግሥት ሥራቸው ለቆመ ሠራተኞች እስከ 2,500 ፓውንድ ድረስ የወር ደመወዛቸውን 80 በመቶ የሚሸፍን ድጎማ ዘርግቶ ነበር። ድጎማው የታሰበው ሊዘጉ ለተቃረቡ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ነው። ቶተንሃም ግን 550 የሚሆኑ የቢሮና የአገልግሎት ሠራተኞቹን ደመወዝ በ20 በመቶ እንደሚቀንስና ድጎማውንም እንደሚጠቀም አስታወቀ። ሊቨርፑልም ተከተለ፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ብቻ ከግብር በፊት 42 ሚሊዮን ፓውንድ ማትረፉን ያሳወቀ ክለብ ነበር። ደጋፊዎቹ ራሳቸው ተቆጡ። ሊቨርፑል በሁለት ቀን ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ውሳኔውን አነሳ፤ ቶተንሃምም ኤፕሪል 13 ቀን ተመለሰ። እንዲህ ያሉ ባለቤቶች ያላቸው ክለቦች ከተጫዋች ደመወዝ ላይ የሚቆርጡትን ገንዘብ ለአገር ያውሉታል ብሎ የሚያምን ሰው ማስረጃውን ከየት እንደሚያመጣ አላውቅም።

ቅነሳውን የተቀበሉ ተጫዋቾች የደረሰባቸውን ደግሞ በአርሰናል እንመልከት፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የአርሰናል ደጋፊ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የአርሰናል የመጀመሪያው ቡድን ተጫዋቾችና አሠልጣኙ ሚኬል አርቴታ ኤፕሪል 2020 ላይ 12.5 በመቶ የደመወዝ ቅነሳ ተቀበሉ። ሜሱት ኦዚል አልተቀበለም፤ በኋላ እንደተናገረው ገንዘቡ የት እንደሚሄድ በቂ ማብራሪያ አላገኘም ነበር። በዚያ ምክንያት የደረሰበት ወቀሳ ከባድ ነበር። በኦገስት ወር ግን ክለቡ 55 ሠራተኞችን ከሥራ እንደሚያሰናብት አስታወቀ። በዚያው ክረምት አዳዲስ ተጫዋቾች ማስፈረሙንም ቀጠለ። ቅነሳውን የተቀበሉት ተጫዋቾች የጽዳትና የቢሮ ባልደረቦቻችን ከሥራ እንዳይወጡ ብለው ከነበረ፣ ያ ምኞታቸው በውል ያልታሰረ በመሆኑ ብቻ በአራት ወር ውስጥ መና ቀርቷል። «የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ» የሚለው የአበው አነጋገር እንዲህ ላለው ነገር የተባለ ነው።

ጁቬንቱስ ከዚህም የባሰ ነው። ማርች 2020 ላይ ክለቡ ተጫዋቾቹና አሠልጣኙ የአራት ወር ደመወዛቸውን ለመተው እንደተስማሙና 90 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንደሚድን ለዓለም ሁሉ አወጀ። ጣሊያን በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የምትቀብርበት ወር ነበርና ዜናው በአድናቆት ተሰማ። ከዓመታት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ሲመረምር፣ ተተወ ከተባለው ደመወዝ የሚበዛው በጓዳ በተጻፉ ሌሎች ስምምነቶች ወደፊት እንዲከፈል ቃል የተገባበት እንደነበረ ክስ ቀረበ። ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2023 ከጣሊያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጋር ተስማምቶ ወደ 718 ሺህ ዩሮ የሚጠጋ ቅጣት ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ። ክፍያን ማዘግየት በራሱ ነውር አይደለም፤ ክለብ ጥሬ ገንዘብ ሲያጥረው ተጫዋች መታገሡ መልካም ነው። የሚያሳዝነው የተዘገየውን «የተተወ» ብሎ ለሕዝብ ማቅረብ ነው፤ ሕዝብ በችግሩ ሰዓት የሰማውን መልካም ዜና ሁሉ ወደኋላ ተመልሶ እንዲጠራጠር ያደርገዋልና።

የባርሴሎና ጉዳይ ከእነዚህ ይለያል፤ ልዩነቱም ትምህርት አለው። ሊዮኔል ሜሲ ማርች 30 ቀን ተጫዋቾቹ በአስቸኳይ ጊዜው ወቅት 70 በመቶ ደመወዛቸውን እንደሚተዉ፣ ከዚያም በላይ አዋጥተው የክለቡ ሠራተኞች ሙሉ ደመወዛቸውን እንዲያገኙ እንደሚያደርጉ ይፋ አደረገ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አስተውሉ። አንደኛ፣ ባርሴሎና የአንድ ባለሀብት ንብረት አይደለም፤ ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው፣ ቅነሳውም ወደ ማንም የግል ኪስ አይገባም። ሁለተኛ፣ የገንዘቡ መድረሻ በስም ተጠቅሷል፤ ሳሩን የሚያጭደውና ትኬት የሚቆርጠው ሠራተኛ ደመወዙ አይጎድልም ተብሏል። እንዲህ ያለውን ቅነሳ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ።

የእንግሊዝ ተጫዋቾችም ቢሆኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በሊቨርፑሉ አምበል ጆርዳን ሄንደርሰን አስተባባሪነት የየክለቡ አምበሎች እርስ በርስ ተነጋግረው ኤፕሪል 8 ቀን የራሳቸውን የመዋጮ መንገድ ከፈቱ፤ ገንዘቡም ክለቦቹን ሳይነካ በቀጥታ የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱን ወደሚረዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች እንዲሄድ አደረጉ። በወቅቱ የማንቸስተር ዩናይትድ አጥቂ የነበረው ማርከስ ራሽፎርድ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምሳቸው የሚቋረጥባቸውን ልጆች ጉዳይ ያዘ። እሱ ራሱ በነፃ የትምህርት ቤት ምሳ ያደገ ልጅ ነበርና ለምክር ቤት አባላት በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ አስረዳ። መንግሥትም ጁን 16 ቀን 2020 አቋሙን ለውጦ ድጋፉ በክረምቱ ዕረፍት እንዲቀጥል ወሰነ። የ22 ዓመት ወጣት ያደረገውን ይህን ነገር ስንት በመቶ ደመወዝ ብትቀንሱ ልታገኙት ትችላላችሁ?

ከአፍሪካ በወቅቱ የሊቨርፑል አጥቂ የነበረውን የሳዲዮ ማኔን ስም ሳልጠራ ማለፍ አልችልም። ማኔ በተወለደባት ባምባሊ በምትባል የሴኔጋል መንደር ሆስፒታል አልነበረም፤ አባቱም ያረፈው እሱ ገና ሕፃን ሳለ በአቅራቢያው ሕክምና በሌለበት ነው። ወረርሽኙ ሲገባ ለአገሩ መከላከያ ሥራ 30 ሚሊዮን ሴፋ ፍራንክ ሰጠ፤ በመንደሩ ያሠራው ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. በ2021 ተመረቀ። የእሱ ደመወዝ ሊቨርፑል ላይ ቢቀነስ ኖሮ የባምባሊ እናቶች ከዚያ ቅነሳ አንዲት ሳንቲም አያገኙም ነበር። ከድሃ አገር ወጥቶ በሀብታም አገር የሚጫወት ልጅ ደመወዙ የአንድ ሰው ገቢ አይደለም፤ ከኋላው ዘመድ አዝማድ፣ መንደር፣ አንዳንዴም ወረዳ ሙሉ ሰው አለ። ባሕር ማዶ ያለ ዘመዱ በሚልክለት ገንዘብ ኮንዶሚኒየሙን የጨረሰ ሰው በዚህ ሰፈር ስላለ፣ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሌላም ፍትሕን የሚመለከት ነገር አለ። ሚኒስትሩ ተጫዋቾችን ሲጠራ የባንክ ሥራ አስኪያጆችን፣ የመድን ኩባንያ ባለቤቶችን፣ የክለቦቹን ባለሀብቶች ራሳቸውን በስም አልጠራም። ተጫዋቾቹ የተመረጡት ደመወዛቸው በየሳምንቱ በጋዜጣ ስለሚወጣና ፊታቸውን ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። አብዛኞቹም የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹም ጥቁሮች ናቸው። በልጅነቱ ድሃ ሆኖ በጉልምስናው የበለጸገ ሰው ሀብቱ ሁልጊዜ ማብራሪያ ይጠየቅበታል፤ በውርስ ያገኘው ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። አገር ስትቸገር ሁሉም ባለጸጋ በአቅሙ ይክፈል ከተባለ መንገዱ ግብር ነው። ግብር ስም አይመርጥም፣ ዝናን አይለይም፣ ካሜራም አይፈልግም። የአንድ ሙያ ሰዎችን ብቻ ነጥሎ በአደባባይ ማሳፈር ግን አገርን የማዳን ሥራ አይደለም።

ስለ ተጫዋች የሥራ ዘመን ማጠር ብዙ ይባላል፤ እኔ በዚህ መከራከሪያ ብዙ አልቆይም። እውነት ነው፣ ጉልበት በ30ዎቹ አጋማሽ ያበቃል፣ አንድ ጉዳት ሁሉን ሊያስቀር ይችላል። ነገር ግን በሳምንት 200 ሺህ ፓውንድ ለሚያገኝ ሰው ይህ ማመካኛ አይሆንም። መከራከሪያው የሚሠራው በታችኛው ሊግ ለሚጫወቱት፣ ለሴት ተጫዋቾችና ለወጣት ቡድን ልጆች ነው፤ እነሱን ከከዋክብቱ ጋር በአንድ መቶኛ መለካት ግፍ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ መልሴ እዚህ ይለወጣልና።

የአገራችን ክለቦች ባለቤቶች እነማን ናቸው? እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በደጋፊና በአባላት የቆሙ አሉ። ንግድ ባንክን የመሳሰሉ የመንግሥት ድርጅቶች ያቋቋሟቸው፣ መቻልን የመሳሰሉ በሠራዊቱ ሥር ያሉም አሉ። የቀሩት በአብዛኛው በስማቸው መጨረሻ «ከተማ» የሚል የተጻፈባቸው፣ ከከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። ከእኛ ብዙ ሳይርቁ ሰበታና ለገጣፎ ለገዳዲም ፕሪሚየር ሊግ የገቡበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። የእነዚህ ክለቦች ተጫዋች ደመወዝ የሚወጣው መንገድ ከሚጠገንበት፣ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ከሚገዛበት ካዝና ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን የወሰኑትም ይህ ወጪ ከልክ ስላለፈ ነበር። ጣሪያው በተግባር ምን ያህል እንደተከበረ በስፖርቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ ያንኑ የፔሮል ስሌት እዚህ እናምጣው። በእኛ አገር ከፍተኛው የደመወዝ ገቢ ግብር 35 በመቶ ነው። በከተማ አስተዳደር ክለብ የሚጫወት ከፍተኛ ተከፋይ ከደመወዙ 10 ሺህ ብር ቢቀነስበት 3,500 ብር ግብር ይቀራል፤ ነገር ግን ሙሉው 10 ሺህ ብር የሚቀመጠው በከተማው በጀት ውስጥ ነው። የሕዝብ ገንዘብ ከአንዱ የሕዝብ ኪስ ወደ ሌላው ዞረ እንጂ በመሐል ባለሀብት የለም፤ የተጣራው 6,500 ብርም በእርግጥ ለሕዝብ ተረፈ። ስለዚህ በእንግሊዝ ክለብ ያልደገፍኩትን ቅነሳ በአገሬ የከተማ ክለብ እደግፈዋለሁ። ድርቅ፣ ወረርሽኝ ወይም ጦርነት መጥቶ ከተማዋ ለተፈናቃይ እህል መግዣ ሲያጥራት፣ ሊጉም ቆሞ ሳለ፣ ከፍተኛ ተከፋዮቹ ከደመወዛቸው ላይ ቢቀነስ አግባብ ነው።

ይህን ስል ግን አንድ ነገር መቅደም አለበት። በአገራችን ተጫዋቾች የወራት ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ለፌዴሬሽን አቤት ሲሉ መስማት የተለመደ ሆኗል። በስም 50 ሺህ ብር የሚከፈለው፣ በተግባር ግን ለሦስትና ለአራት ወር ምንም ያልተቀበለ፣ የቤት ኪራይ ከጓደኛው የሚበደር ተጫዋች አለ። እንዲህ ያለውን ልጅ «ከፍተኛ ተከፋይ» ብሎ ለአገር እንዲያዋጣ መጠየቅ ማሾፍ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ አይቀነስም። ቅነሳ የሚጠይቅ ክለብ መጀመሪያ ውዝፉን ይክፈል፤ ቢያንስ ውዝፉን በጽሑፍ አምኖ መክፈያ ቀኑን ያስቀምጥ።

በሕግም ቢሆን ደመወዝ በመግለጫ አይቀነስም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ ተቀናሽ ማድረግ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ እንደሆነ ይደነግጋል፤ በአንድ ጊዜ የሚቀነሰውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብም አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ፣ አከራዮች ተከራይ እንዳያስወጡ ተከልክሎ ነበር። ሕጉ በችግር ጊዜም ሥራንና ደመወዝን እንደዋዛ አይመለከትም፤ ተጫዋቹም በዚህ ጥላ ሥር ያለ የውል ሠራተኛ ነው።

ከሙያዬ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ መሠረት ሲጣል፣ በመላ አገሪቱ ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን በዓመት ከፋፍሎ ለቦንድ ሰጠ። በእኛም ፋብሪካ የስምምነት ቅጹን እያዞርኩ ያስፈረምኩት እኔ ነበርኩ። በጽዳት ክፍል የሚሠሩ አንዲት እናት ፈረሙ፤ ከዚያ በኋላ ግን ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር ወደ መስኮቴ እየመጡ፣ «የኔ ልጅ፣ ከእኔ ላይ የቆረጥከው ግድቡ ጋ መድረሱን በምን አውቃለሁ?» ይሉኝ ነበር። የቦንድ ሰርተፍኬቱ ሲመጣ ጠርቼ በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ ስማቸውንና የገንዘቡን መጠን ሁለት ጊዜ አስነብበውኝ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወሰዱት። ኦዚል ከአርሰናል የጠየቀው ጥያቄ እኚህ እናት ከጠየቁኝ አይለይም፤ ሁለቱም ማዋጣትን አልጠሉም። እኚህ እናት ሰጡ፤ ምክንያቱም መልስ አገኙ።

ያ መዋጮ አንድ ጉድለት እንደነበረውም አልሸሽግም። የአንድ ወር ደመወዝ ለሁሉም «እኩል» ቢመስልም፣ ለሥራ አስኪያጁ የቁጠባው ገንዘብ ነው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋ ግን የልጅ ደብተርና የጤፍ ገንዘብ ነው። ለእግር ኳስም እንዲሁ ነው። አንድ ክለብ ቅነሳ ሲያደርግ ከኮከብ አጥቂው ላይ ከፍ ያለ እጅ፣ ከተጠባባቂው ላይ ጥቂት፣ ከወጣት ቡድኑ ልጅ ላይ ምንም አለመውሰድ አለበት።

ይህን ሁሉ በሥራ ላይ ለማዋል አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም፤ እድራችን በየወሩ የሚያደርገው ነው። እድር ላይ መዋጮው አስቀድሞ በደንብ ይወሰናል፣ ለምን እንደሚውል ይታወቃል፣ ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ በጠቅላላ ጉባኤ ሒሳብ ይነበባል። ሊቀመንበሩ በመዋጮው ቤቱን ቢያድስ አባላቱ ዝም አይሉትም። ተጫዋቾቻችንም ሲፈርሙ በውላቸው ውስጥ አንድ አንቀጽ ይግባ። በሕግ የታወጀ አገራዊ ችግር ሲመጣና ሊጉ ሲቋረጥ፣ ከተወሰነ ደመወዝ በላይ ከሚያገኙት ላይ በየደረጃው ስንት በመቶ እንደሚቀነስ፣ ለስንት ወር እንደሚቆይ፣ ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ እንደሚገባ በግልጽ ይጻፍ። የክለቡ ኃላፊዎችና አሠልጣኞችም በዚያው አንቀጽ ይታሰሩ። ክለቡ በዚያ ጊዜ ውስጥ የጥበቃ፣ የጽዳትና የወጌሻ ሠራተኞቹን ቢያሰናብት ወይም አዲስ ተጫዋች በከፍተኛ የፊርማ ገንዘብ ቢያስመጣ፣ የተቀነሰው ለተጫዋቾቹ ይመለስ። የአርሰናል ተጫዋቾች ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር በውላቸው ውስጥ ቢኖራቸው ኖሮ፣ ክለባቸው 55ቱን ሠራተኞች ከማሰናበቱ በፊት ዋጋውን ያሰላ ነበር።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ችግር ሲመጣ ማን አንቀጽ ያነባል፣ ሰው ከልቡ ይስጥ እንጂ የሚል ነው። ከልብ መስጠት ይበልጣል፤ በ2012 ዓ.ም. ማዕድ ማጋራት ሲባል በዚህ ሰፈር ዘይትና ዱቄት ተሸክማችሁ ከሕንፃ ሕንፃ የዞራችሁ እናንተ ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። ተጫዋችም እንደ ማኔና እንደ ራሽፎርድ ከልቡ ቢሰጥ ማንም አይከለክለውም። አንቀጹ የሚያስፈልገው ክለቡን ለማሰር ነው፤ ክለብ ልብ የለውም፣ ያለው ውልና ሒሳብ ነው። ይህ አንቀጽ ሊገባ የሚችለውም ተጫዋቹና ክለቡ እኩል ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጡበት ሰዓት፣ ማለትም ውል በሚፈረምበት ወቅት ነው፤ ሊጉ ከቆመና ደመወዝ ከዘገየ በኋላ የሚፈረም ወረቀት ስምምነት ሊባል አይችልም። ከመካከላችሁ በክለብ ቦርድ ወይም በደጋፊ ማኅበር ውስጥ ያላችሁ፣ ለሚቀጥለው የውድድር ዘመን የሚዘጋጀውን ውል ከአሁኑ ጠይቃችሁ አንብቡት።

ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ አቆማለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።